የሳይንስ ጽሑፍ የሚሳሳተው ቀላሉ ቃል ላይ ነው

ሳይንስን ለጠቅላላ አንባቢ በአማርኛ ለመጻፍ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ሙያዊው ቃል ነው። ይኼ አማርኛ አለው ወይ? ልተርጉመው ወይስ እንዳለ ልተወው? ጭንቀቱ ተገቢ ነው። አንባቢ ግን የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ይቆማል፤ ይጠይቃል፣ ይፈልጋል፣ ወይም እንዳልገባው አውቆ ያልፋል። የሚያውቀው ቃል ላይ አይቆምም። «ያስከትላል»፣ «በእጥፍ ጨመረ»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «ተረጋገጠ»፣ «ተላመደ» የሚሉትን ሁሉም ሰው ይረዳቸዋል፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ጸሐፊው ያሰበው ሌላ፣ አንባቢው የወሰደው ሌላ ሆኖ ሁለቱም ተግባብተናል ብለው ይለያያሉ። የሌሎችን ረቂቅ ሳርም እስክሪብቶዬ የሚበዛው እነዚህ ቃላት ላይ ነው።

ስለዚህ ስለ ሙያዊ ቃላት ባጭሩ ልበልና ወደ ዋናው ልለፍ።

ቃሉ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጨርሶ አትጠቀሙበት፤ ነገሩን ግለጹና እለፉ። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስ ከሆነ መጀመሪያ ነገሩን አስረዱ፣ ስሙን ከዚያ አስከትሉ፦ «ተክል በፀሐይ ብርሃን አማካይነት ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግቡን ይሠራል፤ ይህ ሂደት ብርሃን አስተጻምሮ ይባላል።» ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ አንባቢው ፍቺው እስኪደርስለት ድረስ እንግዳ ቃል ተሸክሞ ይጓዛል። ሕዝብ የለመዳቸውን ቫይረስን፣ ካንሰርን፣ ኦክስጅንን በግድ ከግዕዝ ሥር ማውጣት ድካሙ ብዙ፣ ትርፉ ጥቂት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ማፈራረቅ ነው። ድርሰት ስንማር አንድን ቃል መደጋገም ነውር ነው እየተባልን አድገናል፤ እዚህ ግን ነውሩ ይገለበጣል። በአንዱ አንቀጽ «ጂን»፣ በቀጣዩ «በራሂ»፣ በሦስተኛው «ዘረመል» ያለ ጸሐፊ አንባቢው ሦስት ነገሮች እንዳሉ አድርጎ እንዲቆጥር አድርጎታል። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ሙጭጭ በሉ። «ንጥረ ነገር» የሚለውንም ጠርጥሩት፤ ለብረትና ለወርቅም፣ በምግብ ውስጥ ላለ ቫይታሚንም፣ ከፋብሪካ ለሚወጣ ኬሚካልም ይውላል። የትኛውን ማለታችሁ እንደሆነ በስሙ ጥሩት።

ግሱ ከማስረጃው እንዳይበልጥ

ግስ ከመምረጣችሁ በፊት ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ እወቁ። ሰዎች የሚያደርጉትንና የሚያማቸውን እየመዘገበ ብቻ የተከታተለ ጥናት የሚፈቅደው «ተያይዞ ታይቷል» ወይም «በብዛት ታይቷል» ማለትን ነው። ቁርስ የማይበሉ ሰዎች ውስጥ ውፍረት በብዛት ቢታይ፣ ቁርስ መዝለል ያወፍራል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ክብደት ለመቀነስ ብለው ቁርስ የተዉ ሰዎችም እዚያው ቁጥር ውስጥ አሉ። ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ሕክምናውን፣ ለሌላው መድኃኒት መስሎ መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ሰጥቶ ያነጻጸረ ጥናት ከሆነ «ቀነሰ» ወይም «አሻሻለ» ማለት ይቻላል። «ያስከትላል» የሚለው በተለያየ ዘዴ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ወደ አንድ ሲያመለክቱና ጉዳቱ የሚደርስበት መንገድ ሲታወቅ የሚመጣ ግስ ነው፤ ማጨስና የሳንባ ካንሰር እዚህ ደርሰዋል።

«ያጋልጣል» የተባለ ጥሩ ግስ አለን። ሁሉንም ይይዛል ሳይል አደጋውን ያመለክታል። ነገር ግን ይህም የምክንያትነት ግስ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ለስላሳ መስሏቸው «ተያይዟል» በሚባልበት ቦታ ሁሉ ያስገቡታል፤ አይተካውም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ «ሊያስከትል ይችላል» ወደሚለው። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፦ «መድኃኒቱ ማቅለሽለሽ ሊያስከትል ይችላል።» «የሞባይል ስልክ ሞገድ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል።» ሰዋስዋቸው አንድ ዓይነት ነው፤ መልእክታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በመጀመሪያው ማቅለሽለሹ የታወቀ ነገር ነው፤ ያልታወቀው ማንን እንደሚያቅለሸልሽ ብቻ ነው። በሁለተኛው ያልታወቀው ነገሩ ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን በምድብ 2ለ ሲያስቀምጠው፣ ማስረጃው ውስን ነው፣ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ አልተረጋገጠም ማለቱ ነበር። አንባቢው ሁለቱን በአንድ ሚዛን ሲያነብ ወይ ስልኩን እንደ መርዝ ይፈራል፣ ወይ የመድኃኒቱን ማስጠንቀቂያ እንደ ወሬ ይንቃል።

መፍትሔው ሁለቱን ጥርጣሬዎች መለየት ነው። ነገሩ የታወቀ፣ የሚደርሰው ግን በአንዳንዶች ላይ ብቻ ከሆነ ሰዎቹን ቁጠሩ፦ «ከሚወስዱት 100 ሰዎች 3ቱን ያቅለሸልሻቸዋል።» ዕውቀቱ ራሱ ያልጠነከረ ከሆነ ስለ ዕውቀቱ ተናገሩ፦ «ካንሰር ያመጣ እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፤ ያለው ማስረጃ ውስን ነው።» ረቂቃችሁን ስትጨርሱ «ይችላል» የሚለውን ቃል በሙሉ ፈልጉና በእያንዳንዱ ላይ «የማይታወቀው ማን ነው፣ ወይስ ምን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላ እርማት ለመሥራት ጊዜ ባይኖራችሁ ይቺን አትተዉ።

ይኸው ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ቋሊማ ያለ የተቀነባበረ ሥጋን ምድብ 1 ውስጥ ሲያስገባ «ሥጋ እንደ ሲጋራ አደገኛ ነው» የሚል ርዕስ በየቦታው ወጣ፤ ትምባሆም ያለው እዚያው ምድብ 1 ውስጥ ነውና። ምድቡ የሚናገረው ግን ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው፤ የጉዳቱን መጠን አይነግረንም። መጠኑ ሌላ ቦታ ነበረ፦ በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ መብላት የአንጀት ካንሰርን አደጋ በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ድርጅቱ በጊዜው በጠቀሰው ግምት በዓለም ላይ ከተቀነባበረ ሥጋ መብዛት ጋር የሚያያዘው የካንሰር ሞት በዓመት 34 ሺህ ገደማ ሲሆን በትምባሆ ምክንያት የሚመጣው 1 ሚሊዮን ገደማ ነው። «እርግጠኛ ነን» እና «ትልቅ ነው» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ይፈልጋሉ፤ በአንድ «አደገኛ» በሚል ቃል ሲጠቀለሉ እንዲህ ያለ ርዕስ ይወለዳል።

«ጥናት አረጋገጠ» የሚለውንም ተዉት። አንድ ጥናት ብቻውን የሚያረጋግጠው ነገር እምብዛም ነው፤ «አመለከተ» ወይም «አሳየ» በሉ። «ተባለ» ደግሞ ተናጋሪውን ስለሚሰውር ከጥንቃቄ ይልቅ ሽሽት ነው። ማን አለ? በስንት ሰዎች ላይ ተሠራ? እነዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት አንቀጾች ውስጥ ካልገቡ አንባቢው የሚመዝንበት አይኖረውም።

ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የሚደርስ ጣጣ

አማርኛ ግሱን፣ አሉታውንም ጥርጣሬውንም ጭምር፣ የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ስልክ ደግሞ ርዕስን የሚቆርጠው ከመጨረሻው ነው። «የኩፍኝ ክትባት ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም» የሚለው ርዕስ በጠባብ ስክሪን ላይ ሲቆረጥ «የኩፍኝ ክትባት ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ…» ሆኖ ይቀራል። የተጻፈው አንድ ነገር፣ የታየው ተቃራኒው። ሳይቆረጥ ቢቀርም እንኳ ዓይኑን ወርወር አድርጎ የሚያልፍ ሰው የሚይዘው ክትባት፣ ኦቲዝም፣ ግንኙነት የሚሉትን ሦስት ቃላት ነው።

ማስተባበያ ስትጽፉ እውነቱን በአጭሩ አስቀድሙ፦ «የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝም አያመጣም።» አራት ቃል ነው፤ የሚቆረጥ የለውም። ርዕሱ ከ6 እና ከ7 ቃላት ካለፈ ወይ አሳጥሩት፣ ወይ «ማስረጃ የለም» የሚለውን ወደ ፊት አምጡና በሁለት ነጥብ ለዩት። ከመለጠፋችሁ በፊት በስልክ ላይ እዩት፤ ኮምፒውተር ላይ ሙሉ የታየው ስልክ ላይ ግማሽ ነው።

በጽሑፉ ውስጥም ያው ነገር በሌላ መልክ ይመጣል። ለማሳያ የፈጠርኩት ዓረፍተ ነገር ይኸውና፦ «ለ8 ዓመታት 12 ሺህ ሰዎችን በተከታተለና ዕድሜንና ክብደትን ግምት ውስጥ ባስገባ ጥናት በቀን ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙ ሰዎች ከ7 እስከ 8 ሰዓት ከሚተኙት ጋር ሲነጻጸሩ ለደም ግፊት የመጋለጥ ዕድላቸው በ20 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ቢገኝም ምክንያቱ የእንቅልፍ ማነስ መሆኑ አልታወቀም።» ሰዋስዉ ትክክል ነው። አንባቢው ግን «አልታወቀም» ላይ እስኪደርስ የ«የ» እና የ«በ» ጥልፍልፍ ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያውን ረስቷል። በቁጥሩ ተገርሞ ማንበብ ያቆመውም ብዙ ነው።

ሲፈታ እንዲህ ይሆናል፦ «እንቅልፍ የሚያንሳቸው ሰዎች ላይ የደም ግፊት በዛ ብሎ ታይቷል። ምክንያቱ ግን የእንቅልፍ ማነሱ ራሱ ይሁን አይሁን አልታወቀም። ተመራማሪዎቹ 12 ሺህ ሰዎችን ለ8 ዓመታት ተከታትለዋል። ከ7 እስከ 8 ሰዓት ከሚተኙ 100 ሰዎች 10ሩ የደም ግፊት ሲይዛቸው፣ ከ6 ሰዓት በታች ከሚተኙት 100 ሰዎች የያዛቸው 12ቱ ናቸው።» ጥርጣሬው ከመጨረሻ ተነሥቶ ሁለተኛ ሆኗል፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ሐሳብ ብቻ ተሸክሟል፤ 20 በመቶው በሰው ቁጥር ተተክቷል። እኔ የማውቀው መመዘኛ ቀላል ነው፦ ድምፅ አውጥታችሁ ስታነቡት በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ ቁረጡት።

ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ሌላም ጥቅም አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ይህ ዓሣ ይበላል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ዓሣው ሌሎችን ይበላል ማለቱ ይሁን ሰው ይበላዋል ማለቱ በጽሑፉ አይታወቅም። «ይለካል»፣ «ይነካል»፣ «ይቀባል» የሚሉትም እንዲሁ ሁለት አፍ ናቸው፤ አድራጊና ተደራጊን በሚለይ ጽሑፍ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ጸሐፊው በልቡ አጥብቆ ወይም አላልቶ ስለሚያነበው ስሕተቱ አይታየውም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ያንብብላችሁ። «ሌሎች ዓሦችን ይበላል»፣ «ለምግብነት ይውላል» ብትሉ ችግሩ ይወገዳል። ከዚህ ጋር «ቫይረስ የሚያጠቃው ባክቴሪያ» የሚል ሐረግም ተጠንቀቁ፤ አጥቂው ማን ነው? ብዙ ቁጥር ይፈታዋል፦ «ቫይረሶች የሚያጠቁት ባክቴሪያ»። ባክቴሪያው አጥቂ ከሆነ ደግሞ «ን» አትጥፋ፤ «ቫይረስን የሚያጠቃ» በሉ።

ቁጥር ሲነገር

ከሁሉ በላይ አንባቢን የሚያሳስተው «በእጥፍ ጨመረ» ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1995 በብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነትን የሚከታተለው ኮሚቴ፣ አዲስ የወጡት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ ይጨምራሉ የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። ዜናው ሴቶችን አስደነገጠ፤ ብዙዎች እንክብሉን አቆሙ። ከእጥፉ በስተጀርባ የነበረው ቁጥር ይህ ነው፦ የቀድሞውን እንክብል ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች 1 ትታመም የነበረው፣ በአዲሱ ከ7,000 ሴቶች 2 ሆነ። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና ዌልስ 13 ሺህ ያህል ተጨማሪ ውርጃ እንደተፈጸመ ይገመታል። እርግዝና ራሱ ለደም መርጋት የሚያጋልጠው ከእንክብሉ ይበልጥ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። «በእጥፍ» ውሸት አልነበረም፤ የምን እጥፍ እንደሆነ ግን አልተነገረም።

ስለዚህ ከስንት ወደ ስንት እንደሄደ ሳትጽፉ «እጥፍ» ወይም «በመቶ» አትጻፉ። መነሻውም መድረሻውም በአንድ ዓይነት መሠረት ላይ ይቀመጥ፦ «ከ10,000 ሰዎች 4፣ ከ10,000 ሰዎች 6»። «ከ2,500 አንዱ፣ ከ1,667 አንዱ» ብሎ መጻፍ አንባቢውን ሒሳብ ማስፈተን ነው፤ ትልቁ ቁጥር ትንሹን አደጋ ስለሚያመለክትም ብዙዎች ይገለብጡታል። መነሻው 4 በመቶ ሆኖ 6 በመቶ ከደረሰ «በ2 በመቶ ጨመረ» የሚልም «በ50 በመቶ ጨመረ» የሚልም ይገኛል፤ «ከ4 ወደ 6 በመቶ» በሉና ተገላገሉ። «በ3 እጥፍ ጨመረ» ደግሞ ለአንዱ 3 ጊዜ ያህል ሆነ፣ ለሌላው በነበረው ላይ ሌላ 3 ተጨመረ ማለት ነው። «በ3 እጥፍ ቀነሰ» ደግሞ ምንም ማለት አይደለም፤ ሲሶ ሆነ ማለት ከሆነ ሲሶ በሉ።

የክትባት ውጤታማነት ሌላው መሰናክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የፋይዘርና ባዮንቴክ የኮቪድ ክትባት 95 በመቶ ውጤታማ ነው ሲባል «እንግዲህ ከተከተቡ 100 ሰዎች 5ቱ ይታመማሉ» ብሎ የተረጎመ ጥቂት አይደለም። ቁጥሩ የመጣው እንዲህ ነው። ከ36 ሺህ በላይ ሰዎች እኩል ሊባል በሚችል ሁኔታ ለሁለት ተከፍለው ተቆጠሩ፤ ሁለተኛው ዶዝ ከተሰጠ 7 ቀን ካለፈ በኋላ በኮቪድ የታመሙት 170 ናቸው። 162ቱ ማስመሰያ ከወሰዱት ወገን፣ 8ቱ ከተከተቡት። 8 የ162 5 በመቶ ገደማ ስለሆነ ክትባቱ 95 በመቶውን ሕመም አስቀርቷል ተባለ። ከተከተቡት 18 ሺህ ሰዎች 5 በመቶው ቢታመሙ ኖሮ ቁጥሩ 900 ገደማ በሆነ ነበር፤ 8 አይሆንም። «95 በመቶ» ከመጻፍ ይልቅ 162 እና 8 የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ማስቀመጥ ቦታም አይፈጅ፣ ማብራሪያም አይፈልግ።

የምርመራ ውጤት ሲሆንም ሰው መቁጠር ያዋጣል። አንድ ምርመራ 90 በመቶ ሕሙማንን ይይዛል፣ ጤነኞችን በስሕተት «አለብህ» የሚለው ደግሞ 5 በመቶውን ብቻ ነው እንበል፤ በሽታው ያለው ከ100 ሰው በ1 ሰው ላይ ነው። «አለብህ» የተባለ ሰው በእርግጥ በሽታው ያለበት የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? በመቶኛ ሲቀርብ ባለሙያም ይሳሳታል። በሰው ሲቆጠር ይፈታል፦ ከ10,000 ሰዎች 100ው ሕሙማን ናቸው፤ ምርመራው 90ውን ይይዛል። ከቀሩት 9,900 ጤነኞች 495ቱን በስሕተት ያስደነግጣል። «አለብህ» የተባሉት በጠቅላላ 585 ሲሆኑ በሽታው ያለባቸው 90 ናቸው፤ ከ100 ሰው 15ቱ ማለት ነው።

አንድ መቶኛ የምን መቶኛ እንደሆነ መናገርም አይረሳ። «ነገ 30 በመቶ የዝናብ ዕድል አለ» ሲባል እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት የአምስት ከተሞች ነዋሪዎች ተጠይቀው፣ ብዙዎቹ የቀኑን 30 በመቶ ወይም የአካባቢውን 30 በመቶ ይዘንባል ብለው ተረድተውታል። «እንደ ነገው ያለ ሁኔታ ካላቸው 10 ቀናት በ3ቱ ይዘንባል» ሲባል ግን የሚምታታ የለም። የአደጋ ቃላትም ቁጥር ይፈልጋሉ። በአውሮፓ ኅብረት የመድኃኒት መግለጫ ላይ «የተለመደ» የሚባል የጎንዮሽ ጉዳት ከ100 ተጠቃሚዎች ከ1 እስከ 10 የሚሆኑትን የሚያገኝ ነው፤ አንባቢ ግን «የተለመደ» ሲል የሚያስበው ግማሹን ሰው ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ሪፖርቶችም ለየቃሉ ቁጥር አላቸው፤ አንዱ ቃል ከ66 በመቶ በላይ፣ ሌላው ከ90 በላይ፣ ሌላው ከ99 በላይ ዕድልን ይወክላል። እኛ ጋ «ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ለማንኛቸውም ሊያገለግል ስለሚችል ቃሉን ስትመልሱ ቁጥሩን አብራችሁ ተርጉሙ።

«ኃይል» የሚለውን ቃል በመለኪያው ጠብቁት፤ በኒውተንም፣ በጁልም፣ በዋትም የሚለካው ሁሉ በዕለት ንግግራችን ኃይል ነው። «ጣቢያው በዓመት 500 ሜጋ ዋት ያመነጫል» የሚል ዜና ስሕተት ነው። ዋት ኤሌክትሪኩ የሚመነጭበት ፍጥነት ነው፤ በዓመት የሚጠራቀመው ዋት ሰዓት ነው። 500 ሜጋ ዋት የሆነ ጣቢያ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ 4,380 ጊጋ ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በተግባር ግን ሁልጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። ከውጭ ቋንቋ ስትወስዱ ደግሞ ሁለት ወጥመድ ልጥቀስ፦ የጀርመንኛው «ቢሊዮን» የኛ ትሪሊዮን ነው፤ 1 ቶን ካርቦንም 1 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይደለም፣ 3.67 ቶን ነው። ዓመተ ምሕረትን በተመለከተ፣ ምንጩ ዓመቱን ብቻ ከሰጠ እንዳለ ጽፋችሁ «እ.ኤ.አ.» በሉት። ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ልዩነቱ 8፣ ከዚያ በኋላ 7 ስለሆነ ወሩን ሳያውቁ መመለስ ቁማር ነው።

መድኃኒቱን የተላመደው ማን ነው?

አንድ ምሳሌ ቀርበን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በ12 አገሮች ሰዎችን ሲጠይቅ 76 በመቶዎቹ አንቲባዮቲክን የሚላመደው የሰው ሰውነት ይመስላቸው ነበር። የሚላመደው ባክቴሪያው ነው። የአማርኛው «መድኃኒት መላመድ» ይህን ስሕተት በሰፊው ያስተናግዳል፤ «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» ማለት የዕለት ተዕለት አነጋገራችን ነውና። «የተላመደ በሽታ» ብሎ መጻፍም አያድንም፤ በሽታ አካል የለውም፣ አንባቢውም ወደ ራሱ ሰውነት ይመልሰዋል።

ስሕተቱ መዘዝ አለው። የሚላመደው ሰውነት ነው ብሎ ያመነ ሰው «እኔ አንቲባዮቲክ አላበዛም፣ አይመለከተኝም» ይላል። መድኃኒት ሳያበዛ የኖረ ሰው ግን የተላመደ ባክቴሪያ ከሌላ ሰው ሊጋባበት ይችላል፤ በሕይወቱ አንቲባዮቲክ ያልቀመሰ ሕፃንም እንዲሁ።

ማስተካከያው ማብራሪያ ከመጨመር ይልቅ ባለቤቱን በየዓረፍተ ነገሩ ማስቀመጥ ነው፦ «መድኃኒቱ ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል። የማይገድላቸው ጥቂቶች ይተርፋሉ፤ ይባዛሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፉ ያው መድኃኒት አይገድላቸውም።» «መላመድ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜም አልገባም። ማስገባት ካለባችሁ ብቻውን አታቁሙት፤ «መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች» በሉት፣ በየቦታው። «ይባዛሉ» የሚለውን ያለ ሥጋት ትጽፉታላችሁ፤ «ራሳቸውን ያጠናክራሉ» ወይም «ይማራሉ» ከማለት ያድናችኋል፤ ባክቴሪያ አስቦ የሚያደርገው ነገር የለም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የ«ወታደር» ምስል ነው። የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም በጦር ሠራዊት መመሰል ለመጀመሪያው አንቀጽ ይረዳል። ከዚያ በኋላ ግን አንባቢው ሠራዊት በበረታ ቁጥር ጥሩ ነው ብሎ ይደመድማል፤ አለርጂና መከላከያው የራሱን ሰውነት የሚያጠቃባቸው ሕመሞች እዚያ ምስል ውስጥ ቦታ የላቸውም። «አቅምን ይጨምራል» ለሚሉ ማስታወቂያዎችም በሩን ይከፍታል። ምሳሌ ስትጠቀሙ የት ላይ እንደሚያበቃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። የማታውቁት ከሆነ ምሳሌውን ተዉት።

አንባቢ ላይ መሞከር

«ገባህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ሰው ይሉኝታ ይዞት፣ ወይም እውነትም ገብቶኛል ብሎ «አዎ» ይላችኋል፤ ቀላሉ ቃል ያሳሳተው አንባቢ እንዳልገባው የሚያውቅበት መንገድ የለውምና። ከሙያው ውጭ የሆኑ ከ3 እስከ 5 ሰዎች ይበቃሉ። ያንብቡት፣ ወረቀቱን ተቀበሏቸው፣ «ይህን ላላነበበ ሰው እንዴት ትነግረዋለህ?» ብላችሁ አስወሩ። ሲያወሩ አታቋርጡ፣ አታርሙ፤ የተጠቀሙባቸውን ግሶች ጻፉ። እናንተ «ተያይዞ ታይቷል» ብላችሁ እነሱ «ያመጣል» ካሉ፣ ጥፋቱ ከጽሑፉ ነው። ቀጥላችሁ ቁጥር ጠይቁ፦ «ከ100 ሰው ስንቱ?» ከዚያም «ከዚህ በኋላ የምታደርገው ወይም የምትተወው ነገር አለ?» በሉ። ብዙ ጊዜ እውነተኛው ስሕተት የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ መድኃኒቱን ሊያቆም የወሰነ አንባቢ ካገኛችሁ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ስላገኛችሁት እድለኛ ናችሁ። ሁለት ሰዎች እዚያው ቦታ ላይ ከተሰናከሉ ሦስተኛውን አትጠብቁ፣ አርሙት።

ለተመራማሪው ሲላክ ግን ጥያቄው ጠበብ ይበል። ሙሉውን ጽሑፍ ሰጥታችሁ «አስተያየት ስጡበት» ካላችሁ ሙያዊ ቃላቱን መልሰው ያስገቡና ዓረፍተ ነገሩን ያስረዝሙታል፤ ለእነሱ ትክክለኛነት ማለት ያ ነው። ቁጥሮቹን ከነመሠረታቸው፣ የምክንያትነት ግሶቹንና «ይችላል» ያለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነጥላችሁ ላኩ፤ ርዕሱንም ጨምሩ። በእያንዳንዱ ፊት «ትክክል / ይበዛል / ያንሳል» የሚል ምርጫ አስቀምጡ። ከአንድ ገጽ አያልፍም፤ ሥራ የበዛበት ሰውም በዚያው ቀን ይመልሰዋል። «ይበዛል» የተባለ ግስ ካለ ወደ ታች የሚወርደውን ግስ ራሳችሁ ምረጡና እንደገና አሳዩት፤ እነሱ እንዲመርጡት ከተዋችሁ «ሊያስከትል ይችላል» ተብሎ ይመለስላችኋል።